ደርሶኛል ያልኩት ደብዳቤ

ቀኝ እግሬ የተሰበረው በሥራ ላይ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ እንደዚያ ብዬ ብመልስለት ደስ የሚለው ይመስለኛል፤ ጋዜጠኛ እግሩ ሲሰበር ጥሩ ምክንያት እንዲኖረው ይጠበቃል። እውነቱ ግን ከምኖርበት የጎፋ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል፣ ከጀሪካን የፈሰሰ ውሃ ረግጬ ወደቅሁ። ሐኪሙ ጄሶ አሰረልኝና ሁለት ወር መሬት እንዳላስነካው አዘዘኝ። ሕንፃችን ሊፍት የለውም። ሁለት ጎረቤቶቼ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ወደ ቤቴ አወጡኝ። አንደኛው ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ከእንግዲህ የሚያወርድህ ሐኪሙ ነው እንጂ እኛ አይደለንም» አለኝ። ቀልዱን ነበር። ግን እንዳለው ሆነ።

ይህን የምጽፈው ስለ እግሬ አይደለም። በዚያ ሁለት ወር ውስጥ አንድ የፉሪ ሽማግሌ እኔ ባሳተምኩት ጽሑፍ ምክንያት በሰፈራቸው ያላቸውን ስም ሊያጡ ደርሰው ነበር። ስህተቴን የሚያሳይ ደብዳቤ ሲልኩልኝ ደግሞ፣ እኔው ለኮምፒውተር የጻፍኩት ስምንት መስመር ትእዛዝ ደብዳቤውን ሳላየው ጣለው። የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል አስቀምጠዋለሁ።

ባለቤቴ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች። ቀኑን ሙሉ የነበረኝ ዓለም ከአልጋ እስከ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ እስከ በረንዳ ነው። በክራንች አሥራ አንድ እርምጃ ይሆናል። በረንዳው ላይ ገመድ አለ። የእኛ ሕንፃ ነዋሪ ሁሉ አለው፤ ጫፉ ላይ ፌስታል ታስሮበት ምድር ቤት ወዳለው ሱቅ ይወርዳል፣ ዳቦ ወይም የሞባይል ካርድ ይዞ ይወጣል። ባለሱቋ ከቡታጅራ የመጣች፣ ምላሷ የማይሰንፍ ሴት ናት። ገመዴን ከሌላው ሁሉ ለይታ ታውቀዋለች። «የጋሼ ገመድ ቋጠሮው የኮሚቴ ነው፤ አይፈታም» ትላለች።

ከገመዱ ሌላ ወደ ውጭ የነበረኝ መንገድ ኢሜይል ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚወጣ ጋዜጣ ነው የምጽፈው፤ ከጽሑፌ ሥር የኢሜይል አድራሻዬ ይታተማል። በጤናዬ ጊዜ ጠዋት ጠዋት ከፍቼ የማይረባውን አጥፍቼ እወጣለሁ። ተቀምጬ ስውል ግን የሚመጣው ነገር ብዛት ታየኝ። የማላውቀው ሰው ውርስ ሊያካፍለኝ ይፈልጋል። የአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት አሥራ አራት የስብሰባ ፎቶግራፍ ይልካል፣ ሁሉም ላይ ያው ሰውዬ ያንኑ ማይክ ይዟል። ሁሉም ነገር «አስቸኳይ» ነው። ሁሉም ነገር «ለመጨረሻ ጊዜ» ነው። በሞባይል ጥቅል ነው የምሠራው፤ ፎቶዎቹ እስከ እኩለ ቀን ጥቅሌን ይጨርሱታል።

ስልክ ደግሞ አለ። በእኛ አገር ሰው ኢሜይል ከላከ በኋላ ደውሎ «ኢሜይሌ ደረሰ?» ይላል። ደረሰ ካልኩት፣ «አነበብከው?» ይላል። አላነበብኩም ካልኩት እስካነብ ስልኩን አይዘጋም።

ድሮ በሠራሁበት ጋዜጣ የኮምፒውተር ክፍሉን ትመራ የነበረች እኩያዬ የሆነች ባልደረባ አለችኝ። ለእሷ ደወልኩ። ማጣሪያ ስክሪፕት ጻፍ አለችኝ። ደብዳቤ ወደ ሳጥኔ በገባ ቁጥር ተራ በተራ የሚፈጸም ትእዛዝ ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ወደዚያ አስገባው፣ እንዲያ ከሆነ ጣለው። የሚሠራው ሩቅ ባለው ሰርቨር ላይ ስለሆነ የእኔ ኮምፒውተር ቢዘጋም እሱ አይተኛም። ሁለት ከሰዓት በኋላ በስልክ አስተማረችኝ። ሥራው ደስ አለኝ። ዜና ከማረም ብዙ አይለይም፤ ትርፍ ነገር የሚታገሥ አይደለም።

የመጀመሪያው መስመር ለላከልኝ ሰው ሁሉ መልስ ይሰጣል። «ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አነበዋለሁ፤ መልስ እሰጣለሁ። አመሰግናለሁ።» ከሥሩ ስሜ። ይህ ስልኩን ዝም ለማሰኘት ነበር። ሁለተኛው መስመር ርዕስም ጽሑፍም ሳይኖረው አባሪ ብቻ ተለጥፎበት የመጣውን ይጥላል፤ ቫይረስ የሚመጣው እንደዚያ ነው ተብያለሁ። ሦስተኛው በርዕሱ ላይ እኔ የዘረዘርኳቸው ቃላት ያሉበትን ይጥላል። የቀሩት አምስቱ ስለ ውርስ፣ ስለ ሎተሪና ስለ ፎቶግራፍ ናቸው።

«የተጣለውን ለአንድ ወር ጥራጊ ውስጥ እንዲያቆየው አድርግ» አለችኝ ባልደረባዬ። «ሊሳሳት ይችላል።»

«ቆሻሻ ቤቴ ውስጥ አላሳድርም» አልኳት። በቀጥታ እንዲያጠፋ አዘዝኩት።

አንድ ሳምንት ጸጥ አለልኝ። ሁለት ሳምንት። ጠዋት ሳጥኑን ስከፍት አራት ወይም አምስት ደብዳቤ ብቻ አገኛለሁ፣ ሁሉም ከማውቀው ሰው። መጀመሪያ እፎይ አልኩ። ቀስ በቀስ ግን ቤቱ የበለጠ ጠበበኝ። ከበረንዳው የሚታየኝ የፊት ለፊቱ ሕንፃ ልብስ ማስጫ ነው። ስልኬ አይጮኽም። የሚያንኳኳ የለም። በሩን የዘጋሁት እኔ መሆኔን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አንዳንዴ ሰው ሁሉ የረሳኝ ይመስለኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለሱቋ ከታች ጠራችኝ። «ጋሼ፣ እንግዳ መጥተውልዎታል። ደብዳቤዬ እሱ ጋ ነው ይላሉ።»

በረንዳው ላይ ወጥቼ ወደ ታች አየሁ። ረጅም ሽማግሌ፣ ካፖርት የለበሱ፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ላይ ያያሉ።

«ጋዜጠኛው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ አባቴ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መውረድ አልችልም። እግሬ ተሰብሯል።»

«አውቃለሁ። ያገኘሁህም በእግርህ ነው። ጋዜጣው ቢሮ ስጠይቅ፣ ጎፋ ነው የሚኖረው አሉኝ። እዚህ መጥቼ ስምህን ብጠራ የሚያውቅህ ጠፋ። እግሩ የተሰበረው ስል ሦስተኛው ሰው አሳየኝ።»

ባለሱቋ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ደረጃውን መውጣት ከቻሉ በሩ ክፍት ነው።»

«ጉልበቴ አራት ፎቅ አይወጣም። አንተ አትወርድም፣ እኔ አልወጣም። ከዚሁ እንነጋገር።»

እንዲህ ባለ ግቢ ከአራተኛ ፎቅ ወደ መሬት የሚደረግ ንግግር የሁለት ሰው ንግግር አይሆንም። ልብስ የምታሰጣዋ ጎረቤቴ እጇን ገታ አደረገች። ከሁለተኛ ፎቅ አንድ መስኮት ተከፈተ።

ሽማግሌው ከካፖርታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ቀስ ብለው ዘረጉትና ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡ። «ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አነበዋለሁ፤ መልስ እሰጣለሁ። አመሰግናለሁ። ከታች ስምህ አለ። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«አነበብከው?»

በሥራ ዘመኔ ሰዎችን ይህን ዓይነት ጥያቄ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። አዎ ወይም አይደለም ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ ነው፤ ተጠያቂው ከመመለሱ በፊት ጉሮሮውን ሲጠርግ ደስ ይለኝ ነበር።

«አላነበብኩትም» አልኩ።

«ደርሶኛል ብለሃል እኮ።»

«የመለሰልዎት ኮምፒውተሩ ነው። እኔ አላየሁትም።»

ወረቀቱን እንደገና አዩት። «ስሙ ግን ያንተ ነው» አሉ።

ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ። እግሬ ከመሰበሩ አንድ ሳምንት በፊት ስለ ፉሪ የጻፍኩት ጽሑፍ ነበር። የነባር ገበሬዎቹ ከብት ወደ ወንዝ የሚወርድበት፣ ሰውም ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያቋርጥበት የጋራ መተላለፊያ በአጥር ተዘግቷል። መንገዱ እንዲዘጋ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተስማምተው ፈርመዋል ብዬ የስድስት ሰው ስም ዘርዝሬ ነበር። ፊርማቸው ያለበት ገጽ ቅጂ በእጄ ነበረ። እሳቸው ከስድስቱ የመጀመሪያው ናቸው። የሰፈሩ ዕድር ዳኛም ናቸው፤ ዕድሩን ለረጅም ጊዜ ከመምራታቸው የተነሳ ሰዎች ዳኛው እያሉ ሲጠሯቸው ስማቸውን ረስተውታል።

«አልተስማማሁም» አሉ ከታች። «የፈረምኩት መገኘቴን ነው። ስብሰባ ከሄድክ ትፈርማለህ። መንገዱ ይዘጋ ሲባል፣ አይሆንም ብዬ ተናግሬ የዕድሩ መዝገብ ላይ አስጽፌያለሁ። አንተ ግን መንገዱን ካስዘጉት አንዱ አደረግኸኝ። አሁን ለቅሶ ቤት ስገባ ወንበር የሚለቅልኝ የለም።»

«የዕድሩን መዝገብ አያዩም?»

«ጋዜጣ ታትሞ መዝገብ ማን ያያል? መዝገቡ ጸሐፊው ቤት ተቆልፎበታል። ለስብሰባ ካልሆነ አይከፈትም ይላል። አንድ ጊዜ ለምኜው ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በኮምፒውተር አስላክሁልህ። ሁለተኛ አላወጣም ብሎኛል። የፊታችን እሑድ ዕድሩ ይሰበሰባል፤ የሚነጋገሩት እኔን ከዳኝነት ስለማውረድ ነው።»

«ይህን ያህል ጊዜ ለምን ዝም አሉ አባቴ?»

«ዝም አላልኩም። ጠበቅሁ። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ይህን ወረቀት አትማ ስትሰጠኝ፣ ደብዳቤዬ ገቢ ሆኗል አልኩ። ገቢ የሆነ ደብዳቤ ይጠበቃል። ቢሮ ለቢሮ ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ፤ ላንተ ሁለት ሳምንት ምን አላት?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። የሚያውቁትን አሠራር ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ ሰው ነበር የሚናገሩት። ደብዳቤ ለመዝገብ ቤት ይሰጣል፤ ገቢ የሚል ማህተም ቅጂው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በእነሱ እጅ ነው፣ ባለጉዳይ ደግሞ ይጠብቃል። እኔም ያንን ማህተም ባለማወቅ ለመጣው ሁሉ ስመታ ከርሜያለሁ።

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ስልክ ወረቀቱ ላይ ታትሟል። ባለሱቋ ጽፋ በገመዱ ላከችልኝ። ደብዳቤውን እፈልጋለሁ፣ ካገኘሁት እርማቱን እጽፋለሁ አልኳቸው። «ካገኘሁት?» አሉ። ከዚያ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ታክሲ መያዣው ሄዱ። ከፉሪ እስከዚህ ሁለት ታክሲ ነው። ከዘራቸውን የሚያሳርፉበትን ቦታ እየመረጡ ሲሄዱ እስኪሰወሩ ድረስ አየኋቸው።

ወዲያው ለባልደረባዬ ደወልኩ።

«ማጣሪያህ ጤነኛ ነው» አለች ሰምታ ስትጨርስ። «ያዘዝከውን ነው ያደረገው። መጀመሪያ ደርሶኛል በል አልከው፣ አለ። ቀጥሎ ርዕስ የሌለውን ጣል አልከው፣ ጣለ። ከላይ ወደ ታች ነው የሚሄደው።»

«ሰው ያለ ርዕስ ደብዳቤ ይልካል?»

«አንተ ሰውዬ፣ የት አገር ነው የምትኖረው? ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደህ አታውቅም? ስካን አድርገው፣ ለጥፈው፣ ላክ ይላሉ። ደብዳቤው ራሱ ርዕስ አለው፣ ማህተም አለው። ሌላ ርዕስ ምን ያደርግላቸዋል?»

እውነቷን ነበር። እኔ ራሴ ለመሥሪያ ቤቶች እንደዚያ ልኬ አውቃለሁ።

«ማውጣት አይቻልም?»

«ጥራጊ ውስጥ አስቀምጥ ብዬህ ነበር። ቆሻሻ አላሳድርም አልከኝ። ዕድር ዳኛ ነው ያልከኝ? በል፣ ስትሞት የሚቀብርህ ሰው ፈልግ።»

እርማት በተመለከተ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አለ። ያለ ሰነድ ዜና አልጽፍም፣ ያለ ሰነድም ዜና አላርምም። የተበደለ ሰው እውነቱን ሊናገር ይችላል፤ ሊሳሳትም ይችላል። ሽማግሌውን አምኛቸዋለሁ። ግን ስድስት ሰው ነው የጻፍኩት፤ አንዱን በቃሉ ብቻ ባወጣ የቀሩት አምስቱስ? ለጋዜጣው አዘጋጅ ደውዬ ሁለተኛው ገጽ ላይ ቦታ እንዲይዝልኝ ጠየቅሁ። እስከ ሐሙስ ዐሥር ሰዓት እይዝልሃለሁ፣ ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል አለኝ። ጋዜጣው ቅዳሜ ይወጣል። ስብሰባው እሑድ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ማጣሪያውን አረምኩ። መልስ የሚሰጠውን መስመር ከላይ አንስቼ መጨረሻ ላይ አደረግሁት፤ የተጣለ ደብዳቤ ደርሶኛል እንዳይባል። ርዕስ የሌለውን የሚጥለውን ግን ተውኩት። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ ርዕስ ብትጽፍበት ይበቃል ብዬ አሰብኩ። ማጣሪያውን በሙሉ ማጥፋት የሚቻል መሆኑን አውቅ ነበር። ያ ሁሉ ፎቶግራፍ ተመልሶ ይመጣል ብዬ ሳሳሁ። ይህን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ።

ደወልኩላት። ፋይሉ ኮምፒውተሯ ላይ አለ፤ ሽማግሌውም አጠገቧ ቁጭ ብለዋል።

«ርዕስ ጻፊበት እህቴ።»

«ምን ብዬ ጋሼ?»

«ደስ ያለሽን። ባዶ አይሁን እንጂ።»

«እሺ፣ አሁን ልላከው።»

ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ። ዐሥር ደቂቃ። ኔትወርኩ ይሆናል ብዬ ስልኬን ወደ በረንዳው ይዤ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። ሃያ ደቂቃ ሲሆን እንደገና ደወልኩ።

«ልኬዋለሁ እኮ» አለች። «ሄዷል ይላል።»

«ርዕሱን ምን አልሽው?»

«አስቸኳይ። ጋዜጣው ነገ ይዘጋል አላሉኝም?»

ሦስተኛውን መስመር ማየት አላስፈለገኝም። ከዘረዘርኳቸው ቃላት የመጀመሪያው እሱ ነው።

በስልኩ ውስጥ የሽማግሌው ድምፅ ተሰማኝ። «ደርሶኛል አለ?» ይሏታል። «አላለም አባባ» አለቻቸው። «ስጪኝ እስቲ።»

«ጋዜጠኛው» አሉኝ። «አሁን ደግሞ ደርሶኛል ማለቱንም ተውከው?»

«አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁኑኑ ማጣሪያውን አጠፋዋለሁ። ደግማ ትላክልኝ፣ በዚህ ጊዜ ይገባል።»

«በቃ» አሉ። «አንድ ጊዜ ደርሷል ተባልኩ፣ አልደረሰም። አንድ ጊዜ ደግሞ ምንም አልተባልኩም። ሦስተኛ አልሞክርም። አትማ ትስጠኝና ነገ በእጄ አመጣዋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። ስምንቱንም መስመር አጠፋሁ። ወዲያው ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ መልሼ ደውዬ፣ እሳቸው ባይሰሙም ላኪልኝ ልላት ነበር። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ሰውዬው በሌሉበት ነገራቸውን ማስኬድ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ሐሙስን የማስታውሰው በሰዓቱ ነው። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በረንዳው ላይ ነበርኩ፤ ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ የታሰረውን እግሬን በርጩማ ላይ ሰቅዬ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። በጤናዬ ቢሆን በታክሲ ፉሪ ሄጄ፣ ጸሐፊውን ቤቱ አግኝቼ፣ መዝገቡን በዓይኔ አይቼ እመለስ ነበር። በዚያ ቀን ግን መንገዱን እስከ መታጠፊያው ከማየት ሌላ የምችለው ነገር አልነበረም። ሰባት ሰዓት ላይ አዘጋጁ ደወለ። «ቦታውን ለማስታወቂያ ይፈልጉታል» አለ። ዐሥር ሰዓት አልሞላም አልኩት።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ መጡ። ሃና ማርያም ላይ ታክሲ ጠፍቶ ብዙ ቆመዋል። ባለሱቋ ወንበር አወጣችላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አምጡ አባባ፣ እኔ ላድርስልዎት» አለቻቸው።

«አይ ልጄ። በሰው እጅ አልሰጥም። በማሽን እጅ ሰጥቼ አየሁት።» ወደ ላይ ቀና አሉ። «ያን ገመድ ልቀቀው።»

ለቀቅሁት። ፌስታሉን ከፍተው ውስጡን በእጃቸው አበሱ፤ የዳቦ ፍርፋሪ ነበረበት። ወረቀቱን ከነላስቲኩ አስገቡ። ቋጠሮውን ጎተት ጎተት አድርገው ፈተኑት።

«የኮሚቴ ቋጠሮ ነው፣ አይፈታም» አለቻቸው ባለሱቋ።

«የኮሚቴማ ከሆነ ነው የሚያስፈራኝ» አሉ። ግቢው ሳቀ። ገመዱን ሳብኩ።

ሦስት ገጽ ነበር። በእጄ ከነካሁት በኋላ ወደ ውስጥ ልገባ ስል፣ «እዚሁ» አሉኝ። «እዚሁ አንብበው። ጮክ ብለህ።»

አነበብኩ። የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ ጠባብ ነው፤ እየተጠነቀቅሁ ሄድኩ። የስብሰባው ምክንያት የመተላለፊያው መንገድ። የዕድሩ ዳኛ ተነስተው መንገዱ የአባቶቻችን ነው፣ ሊዘጋ አይገባም፣ በዚህ አልስማማም ማለታቸው። ሌሎች ሁለት ሰዎች ሐሳባቸውን መደገፋቸው። ስምምነት ላይ ሳይደረስ ስብሰባው መበተኑ። ከሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ «በስብሰባው ላይ የተገኙ» የሚል መስመር። ሦስተኛው ገጽ ፊርማዎቹ ናቸው። ስድስት ስም፣ የመጀመሪያው የሳቸው።

ሦስተኛውን ገጽ አውቀው ነበር። ቅጂው ሦስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ነበረ። ከሱ የሚቀድም ገጽ ይኑር አይኑር ሳልጠይቅ የተቀበልኩት፣ ሰነድ በእጄ አለ ብዬ የኮራሁበት ገጽ እሱ ነው። አንድ ሰው ብቻ አይደለም የበደልኩት። ስድስት ነው።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ። የጻፍኩት ስህተት ነው አባቴ። ስለ እርስዎም ስለ አምስቱም።»

«እንግዲያው ገቢ በልልኝ።»

ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ። እጄ የለመደውን ጻፈ፤ «ደብዳቤዎ ደርሶኛል» የሚለውን ካየሁ በኋላ ቀደድኩት። በሌላ ወረቀት ላይ፣ ቃለ ጉባኤውን ሦስቱንም ገጽ አንብቤያለሁ፤ የጻፍኩት ስህተት ነው፤ እርማቱ ቅዳሜ ይወጣል ብዬ ቀኑንና ሰዓቱን አኖርኩ፣ ፈረምኩ፣ በፌስታሉ አወረድኩት።

ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡት። «ማህተምስ?»

«ማህተም የለኝም።»

«ጋዜጠኛ ሆነህ ማህተም የለህም?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሁን።» ወረቀቱን አጥፈው ከመጀመሪያው ወረቀት ጋር ካፖርታቸው ውስጥ ከተቱት።

እርማቱን በአርባ ደቂቃ ጻፍኩ። አዘጋጁ «ስህተቱን በአጭሩ ብትል ይበቃል» አለኝ። የስድስቱም ስም፣ ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ፣ የተሳሳተውም እኔ መሆኔ እንዲወጣ ነገርኩት። ከዐሥር ሰዓት ሃያ ደቂቃ በፊት ደረሰው። ሲደርሰው እንዲደውልልኝ ለመንኩት። ከዚያም ከፍቶ እንዲያነብልኝ።

እሑድ ስብሰባው በሰባት ሰዓት ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ስልኬ አልጮኸም። ባለቤቴ አንድ ነገር እንድበላ አቀረበችልኝ፤ በረንዳው ላይ በላሁ። ወደ ፉሪ ያለው አቅጣጫ ከእኛ ሕንፃ አይታይም። ቢሆንም ወደዚያ ነበር የማየው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደወሉ።

«ጋዜጣውን አነበቡት» አሉ። «ግማሹ፣ ጋዜጣ ትናንት ያለውን ዛሬ ይገለብጣል፣ ምን እንመን አለ። ያን ጊዜ ነው መዝገቡ ይከፈት የተባለው። ጸሐፊው ከፈተ። ያው ነው።»

«ዳኝነቱስ?»

«ቀጥል አሉኝ። ወንበር የለቀቀልኝም አለ። አንዳንዱ ግን አሁንም አይኑን ይመልሳል፤ ያፈረ ይሁን ያላመነ አላወቅሁም። መንገዱ እንደተዘጋ ነው። ከብቶቹ በአስፋልቱ ዞረው ነው የሚሄዱት። ስትድን መጥተህ እሱን ጻፈው። በእግርህ መጥተህ።»

«እመጣለሁ። አባቴ፣ ያን የመጀመሪያውን ወረቀት፣ ደርሶኛል የሚለውን፣ ይቅደዱልኝ።»

«ለምን እቀደዋለሁ?» አሉ ከልባቸው ተገርመው። «ፋይል ውስጥ ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው። ነገ ሌላ ነገር ብትጽፍብኝ የትኛው እንደሚያስፈልገኝ በምን አውቃለሁ?»

በስሜ የተጻፈ ሐሰት፣ ቀንና ሰዓት ያለው፣ ፉሪ አንድ ቤት ውስጥ ከእውነቱ ጋር ተያይዞ ተቀምጧል። እኔም ብሆን አልቀድም ነበር።

ጄሶው ሊፈታ ገና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ማጣሪያው ከጠፋ ጀምሮ የመጣው ሁሉ ተከምሯል፤ ውርሱም፣ ፎቶግራፉም፣ ማይክ የያዘው ሰውዬም። ከሥር ጀምሬ አንድ በአንድ መክፈት ያዝኩ። የመጀመሪያው ርዕስ «አስቸኳይ» ይላል። ከፍቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ባለፈው ዓርብ ተካሂዶ ያለቀ ስብሰባ ጥሪ ነበር።